ከኮሶው በታች ያለው ቁልቁለት

በመንደራችን ቃሬዛ ተሸካሚ ለመሆን መጀመሪያ ውኃ መሸከም ነበረብን። መንደሩ ጉና ተራራ ሥር፣ ከገሳይ ከተማ በላይ ነው፤ መኪና አይወጣውም። በሽተኛ ገሳይ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ቃሬዛው በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተወጠረ ጠፍር ነው።

የቃሬዛ ማኅበሩ አለቃ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበስቡናል። አፉ ያልተከደነ እንስራ ውኃ ሞልተው ቃሬዛው መሐል ያስሩና ያሸክሙናል። ከኋላችን ሆነው ገደላማውን መንገድ ያስወርዱናል። ውኃው ቢፈስ አይቆጡም። «በሽተኛው ወደቀ» ይሉና እንደገና ከላይ ያስጀምሩናል። ሰው ከመሸከማችን በፊት አንድ በጋ አለፈ፤ ክረምቱም ተጨመረ። ረጅሙ እርምጃውን ማሳጠር፣ አጭሩ ትከሻው ላይ ጨርቅ መደረብ፣ ሁላችንም ቃሬዛውን መሬት ሳናስነካ መቀባበል ተማርን። ቁልቁለት ላይ ከአለቃው የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ቀስ።»

እውነተኛ በሽተኛ ሲኖር ደግሞ በገደሉ በኩል ያለውን የፊት ጫፍ ለማንም አይሰጡም ነበር። ያን ቦታ ራሳቸው ይይዙታል።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ያረጀ ኮሶ ዛፍ አለ። አንድ ቀን እንስራውን አስወርደው እዚያ አሳረፉን።

«ሚስቴን ከዚህ መልሻታለሁ» አሉን።

ምጥ ጠንቶባት ይዘዋት ሲወርዱ ኮሶው ጋ ትንፋሿ ጠፋ። ሞታለች ተባለ። ፊቷን በነጠላ ሸፍነው ወደ ቤት ዞሩ። ደጃቸው ሊደርሱ ሲሉ አፏ ላይ ያለው ነጠላ ሲንቀሳቀስ አዩ። ወዲያው እየሮጡ ተመልሰው ወረዱ፤ ግን አልደረሱላትም።

«ሞተ የሚለው ጤና ጣቢያው ነው። እኛ እግር ነን። ከመንገድ አንመለስም።»

ይህን ነገር ሁለተኛ ሲያነሡት አልሰማሁም።

ደብረ ታቦር ገብቼ ዘጋቢ ከሆንኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሰው ሞት ሲነገረኝ ሌላ ምንጭ ሳልጠይቅ ጽፌ አላውቅም። ባልደረቦቼ በመዘግየቴ ይቀልዱብኛል። ከማን እንደተማርኩት ነግሬያቸው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ መንደር በነበርኩበት ጠዋት የቃሬዛ ጥሪ ጡሩምባ ተነፋ። የታመሙት አለቃው ነበሩ። ደረታቸውን ይዘው ቁጭ ባሉበት ወድቀዋል። ከሳቸው በኋላ ማኅበሩን የሚመራው የድንች ገበሬ ነው፤ ከኔ ጋር ስንት እንስራ ያፈሰሰ ጓደኛዬ። ከተሸካሚዎቹ መሐል ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«የከተማ ትከሻ አጣና ይችላል?»

«ካልቻለ ትቀበለኛለህ።»

«እቀበልሃለሁ። መላላጡን ሚስትህ ስታይ ግን የምትጣላው ከኔ ነው።»

አለቃው ከቃሬዛው ላይ ሰሙን። «ዛሬ እንስራው እኔ ነኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እንዳታፈሱኝ።»

«አንቱን ካፈሰስንማ ከላይ ሊያስጀምሩን ነው!» አለ ጓደኛዬ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አለቃው አልተናገሩም።

ጉሙ ወርዶ ከፊታችን ያለው መንገድ አይታይም ነበር። ኮሶው ጋ ስንደርስ ከጎን የሚሄዱት ታናሽ ወንድማቸው የአለቃውን እጅ ያዙና ቆሙ።

«ወንድምዬ?»

ቃሬዛውን አወረድነው። ወንድማቸው ግንባራቸውን፣ ከዚያ አፋቸውን ዳሰሱ።

«አልፏል» አሉ። «በሉ እንመለስ። ወንድሜ በቤቱ ይገነዝ። ሬሳ ይዘን ገሳይ ለገሳይ አንዙር።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ሌላው ጋቢውን አውልቆ ፊታቸውን ሊሸፍን ጎንበስ ሲል ጓደኛዬ እጁን ያዘው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«እስቲ አንተ እይ።»

የአለቃውን የእጅ አንጓ ያዝኩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። አንድ ነገር ይመታል፤ የሳቸው ልብ ይሁን የኔ ጣት መለየት አልቻልኩም። ጆሮዬን አፋቸው ላይ አደረግሁ። የምሰማው የራሳችንን ማለክለክ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔ ወንድሙ እያወቅሁ!» አሉ ወንድማቸው ወደ ጓደኛዬ ዞረው። «አንተ ልጅ፣ ይህ ሰው አሳድጎህ የለም ወይ? ሬሳውን ልታንገላታ ነው?»

ጓደኛዬ ቢሳሳት መንደሩ እድሜ ልኩን እንደሚያነሣበት ያውቃል። ኮሶውን ቀና ብሎ አየ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለ። «ካላወቅን እንሄዳለን።» ከዚያም በገደሉ በኩል ያለውን የፊት ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ከኋላው ያዝኩ።

ከኮሶው በታች ያለው ቁልቁለት የመንገዱ ክፉ ቦታ ነው። ጭቃው ያንሸራትታል። ተደናግጠናል፤ እየፈጠንን ነበር። መሐሉ ላይ ስንደርስ «ቀስ» የሚል ቃል ሰማሁ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እርምጃችንን አሳጠርን።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ሳይዞር «ደግ አደረግህ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቀስ ያልከውን።»

«እኔ አይደለሁም። አንተ መስለኸኝ ነበር።»

ሌሎቹም ሁሉ «አላልኩም» አሉ። ወንድማቸው ከኋላ በጣም ርቀው ነበር። ወደ ቃሬዛው ለማየት የደፈረ የለም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ለረጅም ጊዜ አዳመጠቻቸው። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

«አርፈዋል» አለች።

«መቼ?» አልኩ።

«ቅርብ ነው። ከዚህ በላይ ልነግርህ አልችልም።»

አስከሬናቸውን ይዘን ሽቅብ ስንመለስ የሚጎዳ በሽተኛ አልነበረም፤ ግን ቃሬዛውን መሬት ሳናስነካ እየተቀባበልን ወጣን። ኮሶው ጋ አላረፍንም። ወንድማቸው እዚያ ሲደርሱ ወደ ጓደኛዬ ጠጋ ብለው ትከሻውን ያዙ።

ለቀብሩ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ እኔ ታዘዝኩ። የት ሞቱ፣ መቼ ሞቱ ብሎ መጻፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። «ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርዱ መንገድ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ከኮሶው በላይ ይሁን በታች እስካሁን አላውቅም።

በቅርቡ አንድ እሑድ ጓደኛዬ አዳዲስ ወጣቶችን እንስራ ሲያሸክም አብሬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ «ቀስ» ይላቸዋል። ከኮሶው በታች ሲደርሱ ግን ዝም አለ። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው እርምጃቸውን አሳጠሩ። ባዶ እጄን እሄድ የነበርኩት እኔም አሳጠርኩ።