«ስ» የማን ናት?

ነገሌ ቦረና አማርኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት እንደዚያ ዳይሬክተር የናቅኩት ሰው የለም። ሰነፍ አይቻለሁ፤ ሰካራም አይቻለሁ፤ ተማሪ ልኮ ሲጋራ የሚያስገዛም አይቻለሁ። እሱ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ቀይ አቧራ መሐል የሚያብረቀርቅ፣ ስብሰባ የማያመልጠው ሰው ነበር። አንድ ቀን እንኳን መጽሐፍ ይዞ አላየሁትም፤ ስለ ንባብ ባህል ሲያወራ ግን ስንት ከሰዓት በላብኝ!

ልጆቻችን ትምህርት የሚጀምሩት በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ነው። አማርኛ የሚደርሳቸው ከፍ ካሉ በኋላ ስለሆነ እኔ ክፍል ሲገቡ ፊደሉን ገና እየለመዱ ናቸው። የኦሮምኛ ደብተራቸውን ብትገልጡት ቃልና ቃሉ ተለያይቶ ተቀምጧል። የአማርኛው ግን ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ረጅም ቃል ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኛ ስናወራ የሚሰሙት እንደዚያ ነው። እኔ ስማር ቃልን ከቃል የምንለየው በሁለት ነጥብ ነበር። ነጥቡ ከመጽሐፉ ወጣና በባዶ ቦታ ተተካ፤ ባዶውን ቦታ ግን ለልጆቹ ያስረዳቸው አልነበረም።

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ለጥቂት ቀን ሌላውን ትቼ ቃል መለየት ላስተምር አልኩት።

«ተይው ባክሽ» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «የአማርኛ ፊደል ራሱ ሰፊ ነው፤ ክፍተት አያስፈልገውም። ደብተርም ይቆጥባል። አንቺ ፖርሽንሽን ሸፍኚ።»

ፖርሽን መሸፈን! ሬሳም ይሸፈናል።

ያን ሰሞን ክፍሌን ሊገመግም መጣ። ልጆቹ ስለ ቤተሰባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እየጻፉ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በወንበሮቹ መሐል ሲንጎራደድ ቆየና የአንዲትን ልጅ ደብተር አነሳ። ልጅቷ ገበያው ዳር ልብስ የሚሸጡ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ትጫናለች። ታላቅ እህቷ በቅርቡ ባሏን ፈታ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ይህንን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያወራል።

ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «እህቴሞያሌእየሄደችልብስትገዛነበር።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «እህቴ ሞያሌ እየሄደች ልብ ስትገዛ ነበር!»

«ልብስ ለማለት ነው…» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ልብማ ብትገዛ ኖሮ ባሏን ትፈታ ነበር?» ብሎ ሳቀ።

ጥቂቶቹ ልጆች ገብቷቸው፣ የቀሩት አለቃ ስለሳቀ ሳቁ። ልጅቷ ደብተሯን ከእጁ አልተቀበለችም። ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረላትና በግምገማው ወረቀት ላይ «ጥሩ የተማሪ ተሳትፎ አለ» ብሎ ጽፎልኝ ወጣ።

በማግስቱ ልጅቷ ቀረች። ከዚያም ቀረች። ከሥራ በኋላ ወደ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ሲያዩኝ ተነሡ።

«አካም ቲቸር፣ ናጋ?»

«ናጋ ነው አባቴ» አልኩና ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንቱ ምን አጠፉ? እኔ ግን አልገባኝም። ልጄ ሞያሌ ሄደች፤ ልብስ ገዛች፤ ሸጥን፤ በላን። ይሄ ምኑ ያስቃል?»

ታላቂቱ እህት እዚያው ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ጠመኔ ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ጻፍኩላት፤ መጀመሪያ «ልብስ ትገዛ ነበር»፣ ከሥሩ ደግሞ «ልብ ስትገዛ ነበር»። አንገቷን ደፍታ ብዙ አየችው።

«በዚህች በአንዷ ፊደል ነው ሰው ሁሉ የሳቀብኝ?»

«በእሷና በባለጌ አንባቢ» አልኳት።

ጨርቋን አጥፋ ጨረሰች። «ነገ ትመጣለች። ራሴ አመጣታለሁ።»

አመጣቻትም። ጊዜዋን መርጣ የመጣች ይመስል፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ ሳለ ነው። ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ የታናሽ እህቷን እጅ ይዛ፣ በሰልፉ ፊት ሳትቸኩል አቋረጠችና ዳይሬክተሩ ፊት ቆመች።

«የእኔን ልብ ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት?» አለችው፤ ጥርት ባለ አማርኛ።

«የኔ እህት፣ እሱ እኮ ቀልድ…»

«ይሁን። ሁለተኛ ግን ያልተጻፈ አያንብቡ።»

የባንዲራው ገመድ በድንገት አሳሰበውና ወደ ምሰሶው ዞረ።

እኔም የዚያኑ ዕለት ፖርሽኑን ወደ ጎን ተውኩ። ካርቶን ቀድጄ በየቁራጩ አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩና ልጆቹን ከግራሩ ሥር አሰለፍኳቸው፤ ል፣ ብ፣ ስ፣ ት፣ ገ፣ ዛ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆሙ።

«“ስ” የማን ናት?» አልኳቸው። «የልብ ናት ወይስ የትገዛ?»

ተጯጯሁ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። «ስ»ን የያዘው ልጅ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲጎተት መሐል ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ደረሰ። ያኔ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከዳር ተነሣች። ልጁን በሸሚዙ ይዛ ጎተተችውና «ብ» አጠገብ አቆመችው። ከዚያ «ት»ን፣ «ገ»ንና «ዛ»ን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ገፋቻቸው። በመሐል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ተከፈተ።

«ልብስ» አለች፤ በባዶው ቦታ በኩል አለፈችና «ትገዛ ነበር» አለች። ማንም አልሳቀም።

ዳይሬክተሩ ከቢሮው መስኮት ያይ ነበር። «ሰርከስ ከፈትሽ ወይ?» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ማስጠንቀቂያው ራሱ ቃላቱ እንደ ታጎሩ ፍየሎች የተላተሙ ስለነበሩ ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ደጋግሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ወራት ቆይቶ አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኘን መጣ። በሩ ላይ የሚሰቀለውን የአቀባበል ጨርቅ ዳይሬክተሩ ራሱ አጻፈ። ቃላቱን አጣብቆ ቢያስጽፍም ጨርቁ አለቀበትና ቀሪውን ወደ ታች አወረደው፤ ላይኛው መስመር «እንኳንደህናመጡከፍ» ብሎ አበቃ፣ ታችኛው «ተኛእንግዳችን» ብሎ ጀመረ። ተማሪዎቼ በሩ ላይ ተሰልፈው እንዳስተማርኳቸው የተጻፈውን አነበቡ፤ «ተኛ እንግዳችን!» እንግዳው አጨበጨበ። ከዚያ በዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር መሐል፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ የታዘዘውን ፈጸመ። አፈርኩ እንዳልል፣ ማፈር የነበረበት ሰው ምንም አልተሰማውም። ጉብኝቱ የተሳካ መሆኑን ሲናገር ሰነበተ።

ዓመቱ ሳያልቅ ለሹመት ታጭቶ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፤ የትምህርት ጥራትን እንዲከታተል። አልገረመኝም። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ላይ ነው የሚወድቀው። የሽኝቱ ዕለት መምህራኑ ሁሉ አዳራሽ ገብተው ጋቢ ሲያለብሱት እኔ ክፍሌ ውስጥ ቀረሁ። ልጅቷ በኋላ ያን ዓመት አልፋ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሜጋ ሄደች፤ እህቷ እዚያ የራሷን ሱቅ ከፍታለች አሉኝ። ያን ዕለት ግን በአዳራሹ በኩል ጭብጨባው ሲሰማ ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ። «ጻፉ» አልኳቸው፤ ጻፉ።