የወንድሜን ሞት ሞተር ብሎ ያነበበው ማሽን

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ በእኛ አገር ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ነው። መጻፍ የለመድኩ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ውሸት ይለያል የሚሉትን ማሽን ሰው ሲያደንቀው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ልጻፈው።

ያኔ መርሳ ከተማ ውስጥ የመስኖ ውሃ ሞተር በሚሸጥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ዕቃ አስገቢና አውጪ ነበርኩ። ሁለት ሞተር ጠፋ። ባለቤቱ ወልድያ ነው የሚኖረው። ፖሊስ ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ያንን ማሽን ከነባለሙያው ከአዲስ አበባ አስመጣ። አምስታችንም ሠራተኞች ማክሰኞ ቢሮው እንድንቀርብ ታዘዝን። «የቀረ ሌባነቱን አመነ ማለት ነው» ተባልን።

እሑድ ዕለት ግን ሌላ ነገር ደርሶብኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሳዑዲ ውስጥ ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ። ጓደኛው ደውሎ ነገረኝ። እዚያው ቀብረውታል። ከዚያ በኋላ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ።

ለእናቴ መንገር አልቻልኩም። እሷ ግራና የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው። በዚያው ሰሞን አንድ ዐይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተሸፍኗል፤ ሐኪሙ እንዳታለቅስ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። አጎቴ ሸህ ሁሴን ከሽማግሌዎች ጋር መክረው መርዶው ዓርብ ጠዋት፣ ዐይኗ ከተፈታ በኋላ እንዲነገራት ወሰኑ።

«እስከዚያ አፍህን ዝጋ። ዛሬ ሰምታ ዐይኗ ቢጠፋ በአንተ ነው» አሉኝ።

«እሺ አጎቴ። ማክሰኞ ግን ወልድያ ሄጄ ማሽን ላይ ልቀመጥ ነው» አልኳቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሆነው ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«ሌባሻይ ነዋ! ድሮ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁት ነበር። ልጁ ሰክሮ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። አሁን ደግሞ በሽቦ መጣላችሁ?»

ማክሰኞ ገባሁ። ባለሙያው ከረባት ያሰረ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው ነው። ደረቴን በጎማ አሰረኝ። ክንዴን ደም ግፊት መለኪያ በመሰለ ጨርቅ ጠመጠመው፤ ጣቶቼ ላይ ሽቦ ሰካ። የመጋዘን ኃላፊያችን መላኩ የስም ዝርዝር ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል። እሱ ቀድሞን ተፈትኖ «ንጹሕ» ተብሏል።

«ዘና በል» አለኝ ባለሙያው። ሰውን እንደ በግ ጠፍሮ ዘና በል የሚል ሰው ያን ቀን አየሁ።

«ስምህ አሊ ነው?»

«አዎ።»

«የምትኖረው መርሳ ነው?»

«አዎ።»

«ወንድም አለህ?»

መላኩን ዘወር ብዬ አየሁት። የመላኩ አማቶች ለእናቴ ጎረቤት ናቸው። የለኝም ብል ሳይመሽ ወሬው ግራና ይገባል።

«አለኝ» አልኩ። ልቤ ጎማውን የሚበጥሰው መሰለኝ።

«ከሰው የምትደብቀው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሞተሮቹን ወስደሃል?»

«አልወሰድኩም!» እጄን አልቦኛል።

ባለሙያው ኮምፒውተሩን አየና የማይድን በሽታ እንዳገኘ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። «ልጁ ይደብቃል» አለ፣ የልቤን መስመር ለመላኩ በጣቱ እያሳየ።

ልክ ነው፣ እደብቅ ነበር። ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ከረባት የወንድሜን ሞት አግኝቶ ሁለት ሞተር ብሎ አነበበው። አንድ ቃል ብናገር እድን ነበር። አልተናገርኩም።

መላኩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አሊዬ፣ ከምትዋረድ ብትናዘዝ አይሻልህም?» አለኝ፤ እንደ ታላቅ ወንድም። በዚያው ቀን ተባረርኩ።

ረቡዕ ግራና ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሰረቀ አሉኝ» አለች።

«ወላሂ አልሰረቅኩም እማ።»

ባልተሸፈነው ዐይኗ አየችኝ፤ ብዙም አልቆየችም። «እሱንማ አውቃለሁ። ልጅ ሆነህ ስኳር ስትሰርቅ እየሳቅክ ነበር የምትገባው። ይሄ የሌባ ፊት አይደለም። ሰይድ ነው?»

ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ። ሽቦ አልታሰረብኝም፤ ማንም ዘና በል አላለኝም።

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ቀስ ብላ። እጆቿን ወደ ፊቷ አነሳችና ሽፋኑን ሳትነካ መልሳ አወረደቻቸው።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ዓርብ ጠዋት።»

«እንግዲያው አንተ አልነገርከኝም። ዓርብ ይነግሩኛል። አጎትህ ፊት አላስወቅስህም።»

ሁለት ቀን ሙሉ አንድ እንባ አላፈሰሰችም። ጎረቤት ስለ ሰይድ ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ ግን ወደ ጓሮ እየሄድኩ አለቅስ ነበር።

ዓርብ ዐይኗ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ መሐላቸው አስቀመጧት፣ አጎቴ መርዶውን ነገሯት። ገና እንደሰማች ሆና ጮኸች። ያ ጩኸት ደግሞ ውሸት አልነበረም። ሁለት ቀን ያቆየችው ነው።

ወር ሳይሞላ የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ ደሳለኝ ለለቅሶ ውርጌሳ ሄደው፣ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ውሃ የሚስብ ሞተር ያያሉ። እጀታው በጎማ ቁራጭ የተጠቀለለ ነው። የጠቀለሉት ራሳቸው ናቸው፤ ከጠፉት አንዱ ነበር። ገበሬው የገዛበትን ወረቀት አወጣ። የፈረመው መላኩ ነው። ማሽኑ «ንጹሕ» ያለው መላኩ!

ባለቤቱ አስጠራኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ወደ ሥራህ ተመለስ» አለኝ። «ለሥርዓቱ ያህል ግን ማሽኑ ላይ ድጋሚ ተቀመጥና ፋይልህ ይስተካከል።»

«መጀመሪያ እናቴን ፈትንበት» አልኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ «ደህና ነው» ያለችውን ስለማያውቅ አልገባውም። ላስረዳውም አልፈለግኩም፤ ወጥቼ ሄድኩ።

ዛሬ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሰይድ ነገር አልወጣልኝም። ሌባ መባሉ ቀስ በቀስ እየተረሳኝ ነው። የማይረሳኝ ለወንድሜ የደነገጠውን ልቤን ያ ከረባታም በጣቱ እየጠቆመ መሳቂያ ማድረጉ ነው። ይህን የጻፍኩት እናቴን አስፈቅጄ ነው። አጎቴ ካነበቡት ግን ዓርብን ስላልጠበቅን አውፍ ብለው ይቅር ይበሉን።