ሦስት ቤት የምታድረው ጂፕ

ባሌ ሌላ ሴት የያዘ መስሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ "መጣሁ" ይለኝና ይጠፋል፤ አመሻሽ ላይ እጁ ጠቁሮ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ሰው ቶሎ አላምንም። አንድ ቀን ተከተልኩት። የገባው አንድ የበርታ ነጋዴ ግቢ ነው። በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ሳጮልቅ ማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት አሮጌ ጂፕ ቆማለች፤ ከሆዷ ሥር የባሌ እግር ብቻ ይታያል። እፎይ ማለት ሲገባኝ ጭራሽ ተናደድኩ። ሴት ብትሆን ቢያንስ ምን እንዳየባት ይገባኝ ነበር።

ሁለታችንም ባምባሲ የምናስተምር መምህራን ነበርን። ክልሉ ገና መመሥረቱ ነው። አሶሳ ላይ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ወንበር የሌለው ቢሮ፣ መኪና የሌለው ኃላፊ። ከደጋ ተመድበን የመጣነው "ነገ ወደመጣችሁበት ሂዱ ይሉን ይሆን?" እያልን እንሰጋለን። የአገሩ ሰው ደግሞ "እነዚህ አሁን ምን ሊወስዱብን ነው?" እያለ በጎን ያየናል። አንድ ሰው ደህና አደራችሁ ብሎን ካለፈ በኋላ እንኳ ምን ማለቱ ይሆን እያልን የምንከራከርበት ጊዜ ነበር።

ጂፗ የንጉሡ ዘመን ናት፤ የአሜሪካ ሥሪት። የነጋዴው አባት በሱዳን በኩል አስመጥቷት ነበር። ደርግ ሲመጣ ተወሰደች፤ ስትሠራ ስትሠራ ተሰባብራ መንገድ ዳር ተጣለች። ነጋዴው በበሬ አስጎትቶ ወደ አባቱ ግቢ መለሳት፤ ለዓመታት ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖረ። ሦስተኛው ሰው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ መካኒክ ነው። ነጋዴው ባለቤት፣ ወሎዬው ባለሙያ፣ ባሌ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ጂፕ ሲያይ ልቡ የሚጠፋ ሰው። ከእሷ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

ሦስቱም አብደውላት ነበር። የሌላ መኪና ብሎን እንኳ አያስገቡባትም። መካኒኩ አንድ ቀን ከሌላ መኪና የተፈታ ካርቡራተር አምጥቶ "ይሠራል እኮ" ቢል ሁለቱ አኮረፉት። የራሷ ዓይነት እስኪገኝ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ቀለሟን ሲፍቁ ከሰማያዊው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር የመጀመሪያው የወታደር አረንጓዴ ሲወጣ ባሌ ቤት ድረስ እየሮጠ መጥቶ አበሠረኝ። በዚያው ሰሞን ማርገዜን ነግሬው ነበር፤ ያኔ ያን ያህል አልሮጠም።

ከሁሉም የባሰ ያጠራጠረኝ ግን ሠርተው ሲለያዩ የሚያደርጉት ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ሞተሯ ተነሳ፤ ጂፗ ማንጎውን አንዴ ዞረች። ይጨፍራሉ ስል ወዲያው አጥፍተው ይፈቷት ጀመር። ነጋዴው ባትሪዋን ነቅሎ ወደ ጓዳው አስገባ። ወሎዬው ካርቡራተሯን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ባሌ ደግሞ ሮተሯን ኪሱ ከቶ መጣ። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ እሷ ከሌለች ለካንዴላዎቹ እሳት አይደርስም፣ ሞተሩ ቢያቃስትም አይነሳም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኛ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ማደር ጀመረች።

"ለምንድን ነው የምትበታትኗት?" አልኩት።

"ለጥንቃቄ።"

"ከማን?"

"የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ አይደበቅበትም" አለኝና ፊቱን አዞረ።

ምላሴን መጠርጠሩ ነው! ካልነገረኝ እኔው ፈታሁት። እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ማለት ነው። ነጋዴው በኩርሙክ በኩል ሱዳን አሻግሮ ሊሸጣት ያስባል፤ ወሎዬው ዕቃ ዕቃዋን ነቅሎ ሊቸበችብ፤ የኔ የዋህ ደግሞ መሃል ገብቷል። "አንድ ቀን ሁለቱ ተስማምተው ይዘዋት ሲጠፉ፣ አንተ የስኳር ቆርቆሮህን ታቅፈህ ትቀራለህ" እለው ነበር። ይስቃል። ሳቁም አጠራጠረኝ።

ምጤ የመጣው መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ክረምት፣ አርብ ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሆዴን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። "ልጁ ተጋድሟል። እዚህ አይሆንም፤ አሁኑኑ አሶሳ ሆስፒታል" አለች። አውቶቡሱ ጠዋት አልፏል። ዋናው መንገድ ላይ አንድም የጭነት መኪና የለም። ባሌ ሮጦ ወጣ። ወዴት እንደሮጠ ገባኝ፤ ተስፋ ግን አላደረግኩም። ነጋዴው ባትሪዬን አልሰጥም ይላል፣ ወሎዬው እሱ ካልሰጠ እኔም አልሰጥም ይላል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ሦስት ቤት በተበተነ ብረት የተነሳ ልጄ ሊሞት ነው ብዬ አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጂፗ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። መሪውን የያዘው ወሎዬው ነው። ነጋዴው ከጁምዓ ሶላት እንደወጣ በነጭ ጀለቢያው አጠገቡ ተቀምጧል፤ ባትሪውን ራሱ አቅፎ አምጥቶት ኖሮ ጀለቢያው ደረቱ ላይ ጠቁሯል። "አብሽሪ እትየ፣ አብሽሪ! ኸዚህ አሶሳ ምን አላት!" አለኝ ወሎዬው። ባሌ ከኋላ ደግፎኝ ተቀመጠ።

ከከተማው ልንወጣ ስንል ባሌ ነጋዴውን "በጀርባ እንዙር እንዴ? በአስተዳደሩ በር ባናልፍ ይሻላል" አለው።

ነጋዴው አልዞረም። "በጀርባ ጭቃ ነው። መምህር ታሞ አይችልም። በበሩ ሂድ" አለ።

ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ "ምንድን ነው የምትደብቁት?" ብዬ ጮህኩ። ያኔ ነጋዴው ዞሮ አየኝ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄ ጂፕ አባቴ ጊዜ ይሄድ ነበር። ስለሄደ ወሰዱት። ሲቆም ጣሉት። የቆመ መኪና ማን ይፈልጋል? እኛም እንዲቆም አደረግን። ዛሬ ግን ይሂድ።"

በበሩ ስናልፍ በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ብድግ ብለው አዩን። ለካ የሚጠራጠሩት እርስ በርሳቸው አልነበረም። መኪና የሌላቸውን ቢሮዎች ነው። ነጋዴው አባቱ ያጣትን ጂፕ ዛሬ እሱም እንደሚያጣት እያወቀ ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። አፍሬ መሞት ነበረብኝ፤ ምጡ ተመልሶ መጣና ጊዜ አላገኘሁም።

ሐኪሞቹ ቀደው ሴት ልጅ አወጡልኝ። ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። እስኪለቁኝ ድረስ ጂፗን ሊያይ ያልመጣ የአሶሳ ሰው አልነበረም አሉ፤ አንዳንዱ የመጣው ሊያደንቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ "የማን ናት?" ብሎ ሊጠይቅ።

በዚያችው ጂፕ ባምባሲ ተመለስን። ደጃችን ላይ ስንቆም ጎረቤቱ እልል እያለ ልጄን ከባሌ እጅ ተቀበለ። ወሎዬው ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል። ባሌን "ዛሬ አትፈቷትም?" አልኩት። "አገር ካያት በኋላ ምን ዋጋ አለው፤ እዚሁ እንዳለች ትቆይ" አለኝ። ሁሉም ልጄን ያያል። እኔ ጂፗን ተደግፌ እንደቆምኩ፣ ባሌ ሲያደርግ እንዳየሁት ሁለቱን መቆንጠጫ ፈትቼ ሮተሯ ያለችበትን ክዳን አነሳሁ። ሞተሩ ገና ትኩስ ስለነበር ጣቴን ለበለበኝ። ሮተሯን መቀነቴ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን መለስኩና አራስ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ እንደጠረጠርኩት መጡ። ከአንድ ቢሮ ሁለት ሰዎችና አንድ ሾፌር፣ የሚያልፍ የጭነት መኪና ለምነው ተሳፍረው። ነጋዴውንና ወሎዬውንም አስጠርተዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ። "ማርያም ታኑርልኝ" አልኳቸው። ከዚያ ክልሉ አዲስ መሆኑን፣ ቢሮው መኪና እንደሌለው፣ ጂፗም ድሮ የመንግሥት እንደነበረች በትሕትና አስረዱ። ሾፌሩ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አቃሰተ፤ አልተነሳም። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቶ "ሮተር የላትም" አለ።

ባሌ እዚያው ውስጥ እንደነበረች ማለ። እውነቱን ነው። ወሎዬውም ሳይጠይቁት ኪሱን ገለበጠ። አንደኛው ሰው "ቤቱ ይፈተሽ" ሲል ሁለተኛው "አራስ ቤት ገብተህ ልትፈትሽ ነው እንዴ?" ብሎ ተቆጣው። ከራስጌዬ እንደ ደንቡ ቢላዋ አለ፤ ሮተሯ ከትራሱ ሥር፣ ልጄ ከትራሱ ላይ። የሚጎትት መኪና ቢኖራቸው የኛን ባልፈለጉ ነበር፤ "እንመለሳለን" ብለው በእግራቸው ወደ መንገዱ ሄዱ።

ውጭ ባሌና ወሎዬው "አንተ ነህ"፣ "አንተ ነህ" መባባል ጀመሩ። ነጋዴው ወደ መጋረጃው ተጠጋ።

"መምህር፣ ልጅ ደህና ተኛ?"

"ደህና ተኝታለች።"

"ትራስ አይቆረቁረውም?"

ትራሱን ዳበስኩ። ከዚያ "አይቆረቁራትም" አልኩት።

በቀስታ ሲስቅ ሰማሁት። "አልሐምዱሊላህ። ለባል አትንገር። ባል ፊቱ ሁሉን ይናገራል።"

ባሌ ተናዶ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "እስቲ አንቺ ሰው መጠርጠር ታውቂበታለሽ፤ ማን የወሰዳት ይመስልሻል?" አለኝ።

"የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ አይደበቅበትም" አልኩትና ልጄን አቅፌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።