ባለ ስምንት እግሩ ወፍ

በደርግ ዘመን ባለቤቴ አዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ እኔ ነርስ ነበርኩ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ስለማይቀር አብረን የምንውልበት ቀን አልነበረንም። አንድ የነሐሴ እሑድ ግን ሰማዩ ተቀዶ ሲያፈስ አደረና ስብሰባው ቀረ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ልተኛ ስል ባለቤቴ ካፖርቱን ለብሶ ከፊቴ ቆመ።

«ተነሺ፣ ወፍ እንይ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ታዲያ ወፎቹ የት ይሄዳሉ ብለሽ ነው?»

ብርድ ልብሴን ገፍፌ ተነሣሁ።

አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ባለቤቴ ከአጎቱ የወረሰውን የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ ለቀስተኛ ዛፉ ላይ ተደርድረዋል። ጭቃው ጫማዬን እየቀማኝ በሳቅ ፈረስኩ።

ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል ጋ ስንደርስ «ቁሙ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጠመንጃ ያነገቱ አዛውንት የአብዮት ጥበቃ ናቸው።

«ምን እያያችሁ ነው?»

«ወፍ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ወፍ? በዝናብ?» ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ የወታደር ዕቃ ነው። ቀበሌ እንሄዳለን።»

መነጽሩን ተቀብለው በራሳቸው አንገት ላይ አጠለቁት። ያኔ ቀበሌ ገብቶ ያልተመለሰ ሰው የማያውቅ አልነበረም። ጥቂት እንደሄድን ግን ዶፉ ባሰና ሦስታችንም ሮጠን ሾላ ሥር ተጠለልን። «አባባ፣ እስኪያባራ እርስዎም ይዩበት እንጂ» አልኳቸው።

ገልብጠው አዩበትና «ሐይቁን አራቀው!» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ አዞረላቸው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቀለል እስኪል ከዓይናቸው አላወረዱትም።

«ኧረ! ስምንት እግር ያለው ወፍ!»

ያሾፉብን መስሎኝ ነበር። ተቀብዬ ሳይ ግን እውነታቸውን ነው። ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ ቡናማ ወፍ፣ ውሃው ላይ በተነጠፉት ቅጠሎች ላይ ረጃጅም ጣቶቹን ዘርግቶ ይራመዳል፤ ከክንፎቹ ሥር ስድስት ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለዋል።

«ጫጩቶቹ ናቸው!» አለ ባለቤቴ፣ ከእጄ ነጥቆ እያየ። «ከዝናቡ በብብቱ ሸሽጓቸው ነው። አባትየው ነው ደግሞ፤ የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም እሱ ነው።»

አዛውንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔም ጎርፍ ቤታችን የገባ ጊዜ ሁለቱን ልጆቼን እንዲህ በብብቴ ይዤ ነው የወጣሁት። ሚስቴ ግን እስከ ዛሬ አታምንም፣ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው ትላለች።»

ከዚያ በኋላ ቀበሌን ያነሣ የለም። ዓሣ አጥማጆች ሲያልፉ እሳቸው እየጠሩ አሳዩአቸው። ሰልፉ ሲረዝም፣ «አትጋፉ! ያገኘሁት እኔ ነኝ!» ይላሉ።

ስንለያይ መነጽሩን ራሳቸው ባለቤቴ አንገት ላይ መለሱለትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትመጡ እኔ ባለሁበት በኩል ኑ። ሌሎቹ የወፍ ነገር አይገባቸውም» አሉን።

ወደ ቤት ስንመለስ ጃንጥላውን መዘርጋት እንኳ ትዝ አላለንም። ባለቤቴ አስፋልቱ መሀል እግሩን ከፍ እያደረገ የወፉን አረማመድ ሲያሳየኝ እኔም ተከተልኩት። ከየበረንዳው የሚያዩን ሰዎች አብረውን ይስቁ ነበር።