በርበሬያችን ታሟል ያልኩ ለት

እኛ ዘንድ፣ መስቃን፣ ሽማግሌ ሲናገር ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ነው የሚያቆየው። ሰላምታው ይቀድማል፣ ምርቃቱ ይከተላል፣ ከዚያ ክፉ ክፉው ይወራል፤ ደጉ ማሰሪያ ነው። ሳይጨርስ ደግሞ ማንም ከአፉ አይነጥቀውም። እኔ ያደግኩት በዚህ ነው።

ዕድሜዬን በርበሬ ላይ ስለፈጀሁ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የመጣ ለት ሰዉ «አባባን ጠይቅ» ብሎ ወደ እኔ ላከው። ማይኩን ጋቢዬ ላይ ሰካና «አባባ፣ ዘንድሮ በርበሬው እንዴት ነው?» አለኝ።

መረቅኩት። ከዚያ «በርበሬያችን ታሟል» አልኩ። ውሃ የተኛበት የታችኛው ማሳ ሥሩ እንዴት እንደበሰበሰ ዘርዝሬ ዘርዝሬ፣ ማሰሪያዬን አሰርኩ፦ «የታመመው ጥቂት ነው። ለቅመን ያደረቅነው፣ ለገበያ የያዝነው ጤነኛ ነው።»

«አሪፍ ነው አባባ!» ብሎኝ ሄደ።

ቡታጅራ ሻይ ቤት ተሰብስበን ዜናውን አየን። ፊቴ ሲመጣ ሰዉ አጨበጨበ። «በርበሬያችን ታሟል» አልኩ፤ አለቀ። ወዲያው የኳስ ዜና ገባ።

ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ነጋዴ መምጣቱን ተወ። ሲደወልለት «ታሟል ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ?» ይላል። ልጆቿን በበርበሬ ብቻ የምታሳድር ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆመች።

«ወላሂ አባባ፣ የኔ በርበሬ ደህና ነበር። ያሳመመው የእርስዎ አፍ ነው።»



ለጋዜጠኛው ደወልኩ።

«ያሉትን ነው ያቀረብኩት፣ አባባ።»

«መጨረሻውንስ የት ጣልከው?»

«ሰዓት አይበቃማ! ዋናውን አስቀድመው፣ ባጭሩ መናገር ነበረብዎ።»

«ታዲያ ሳልጀምር አትነግረኝም ነበር? ና፣ እንደገና ቅዳኝ።»

«አሁንማ ዜና አይሆንም፣ አባባ።»

ሙያ ያላችሁ ሰዎች ስሙኝ፦ ማይክ የሽማግሌ ጉባኤ አይደለም፣ እስክትጨርሱ አይጠብቅም። ማሰሪያውን አስቀድሙ። ለእኔ ግን ምን ይሠራልኛል?

ገበያ ሲውል የጎረቤቴን ጆንያ ከኔው ጎን አስቀምጬ እቆማለሁ። ለአላፊ አግዳሚው ዛላውን ሰብሬ እያሳየሁ፣ ሰላምታም ሳላስቀድም «ጤነኛ ነው!» እላለሁ።

ባለፈው አንዱ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ። ሊገዛ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ኧረ እኚህ ሰውዬ፣ እኚያ በቴሌቪዥን ያየናቸው አይደሉም እንዴ?» አለና ጓደኛውን ይዞ አለፈ።