በፎቶዋ ላይ የጻፍኩት ቀይ ጽሑፍ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁና የቀረውን ዋጥኩት።

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ሥራዬ ዲዛይን። ቢሮ የለኝም፣ አለቃም የለኝም። በተከራየሁት ቤት አንድ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቼ ሎጎ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ደንበኞች የሚያገኙኝ በስልክና በቴሌግራም ነው፤ የሚጠፉብኝም በዚያው።

ከጠፉብኝ ሁሉ የሱሉልታውን ባለሆቴል አልረሳውም። ሎጎውን፣ ሜኑውንና ትልቁን ታፔላ ሠራሁለት። «የአንተን ላብማ አልበላም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ «ነገ ደውል» ሆነ። ነገ ስደውል ስብሰባ ላይ ነው፤ ከነገ ወዲያ ስደውል ለቅሶ ላይ ነው። ሰውዬው ደረስኩ ያለው ለቅሶ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ሱሉልታ ሰው ባልቀረ ነበር። አንድ ቀን ሳልደውል ሄድኩ። ታፔላው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ የመረጥኩት አረንጓዴ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል። ዘበኛው ግን «የሉም» ብሎ አላስገባኝም። ከገዛ ሥራዬ ሥር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሰምቶ ሳቀብኝ። «ያለ ቀብድ ሥራ አትጀምር። ናሙና ስትልክ ደግሞ መሃሉ ላይ ጻፍበት፤ ሳይከፍልህ እንዳያሳትመው» አለኝ። ሌላው ሰው «ናሙና» ብሎ ነው የሚጽፈው። እኔ ግን ንዴቴ ገና ስላልበረደልኝ «ናሙና» የሚለው ቃል ለስለስ አለብኝ። በቀይ፣ በወፍራም ፊደል፣ ከጥግ እስከ ጥግ «ክፍያ አልተፈጸመም» ብዬ አዘጋጀሁ። ለዘመድም ለባዳም አንድ ነው አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ከሰበታ ተደወለልኝ። የደወሉት፣ ልጅ ሆኜ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይተን የኖርን አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው አርፋለች። እናቴን አንቺ እንደምላት እሷንም አንቺ ነበር የምላት፤ ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ እናቴ ከሌለች የምበላው እሷ ቤት ነው። አባቴ ከፋብሪካ ሥራው የተቀነሰ ጊዜ ለወራት ኪራይ አልከፈልንም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ልታስረዳ ስትሄድ «ሲሞላልሽ» ትላትና ጎመን ቀጥፋ አስይዛ ትመልሳት ነበር። የስንት ወር እንደቀረብን እናቴም አታውቅም፤ የጠየቃት የለማ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ አዛውንቱ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቀብሩ ነገ ነው። ፎቶዋን በቴሌግራም አስልኬልሃለሁ፤ አሳምረህ ላክልኝ። ትልቅ አድርገን ድንኳኑ በር ላይ እናቆመዋለን።»

አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው። እያለቀስኩ ሠራሁት። የደበዘዘውን ፊቷን አጠራሁ፣ ነጠላዋን አነጣሁ፣ ስሟንና ዕድሜዋን ከሥር አሰፈርኩ። ልልከው ስል ግን ሕጌ ትዝ አለኝ። የቤት ኪራዬ ቀን ደርሷል። ቀብድ ልጠይቅ ብል አፌ አልደፈረም፤ በነጻ ልስጥ ብል እጄ አልፈታ አለ። ስለዚህ አፌ ያልደፈረውን ቀዩ ጽሑፍ ይናገርልኝ ብዬ እሱን ጥዬበት ላክሁት። ያዩታል፣ ይገባቸዋል፣ ይደውላሉ፤ ያኔ ንጹሑን እልክላቸዋለሁ አልኩ። እንዲህ ብዬ ያሰብኩትን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

አልደወሉም። አዛውንቱ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ይህን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ቁጭ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ስልካቸውን ይዘው ማተሚያ ቤት ሄዱ። ማተሚያ ቤቱ የመጣለትን አተመ።

በማግስቱ ሰበታ ወርጄ ወደ ግቢው ስታጠፍ ከሩቅ አየኋት። ድንኳኑ በር ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሆና ቆማለች። ቀዩ ጽሑፌ ከትከሻዋ ተነስቶ በአንገቷ ላይ አልፎ ጉንጯን ይዟል። ሰው እየመጣ ያነባል። ከፊቴ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ቆም አሉ።

«ምን ዕዳ ኖሮባት ነው?» አለች አንዷ።

«እኔ እንጃ፤ እሷ እንኳ ለሰው ስትሰጥ ነው የማውቃት» አለች ሌላዋ።

ገብቼ አንድ ጥግ ተቀመጥኩ። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል የእድሩ ዳኛ አዛውንቱ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሯቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ።

«ፎቶዋ ላይ ያልተከፈለ አለ ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ያበደራት ሰው ካለ ለእኔ ይንገረኝ፣ እከፍላለሁ። ዕዳ ይዛ አትሂድብኝ።»

ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ጫማዬን እያየሁ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ፎቶው ላይ ጣለችበት። ጽሑፉ ሲሸፈን ፊቷም አብሮ ተሸፈነ፤ ለቀስተኛውም በዚያው አስከሬኑን ሸኘ።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። በሙሉ ልናገር ቆርጬ ነበር። ባለሆቴሉን አንገቱን መያዝ አቅቶኝ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው። አፌን ሳልከፍት ግን እሳቸው ከኮታቸው ኪስ የተጣጠፈ ብር አወጡ።

«ማተሚያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የአንተ የድካም ዋጋ ነው አሉኝ፤ ስንት እንደሚሆንም ነገሩኝ» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?»

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይተዉት። ዕዳ ያለብንማ እኛ ነን። የዚያ ሁሉ ወር ኪራይ…»

«እሱን እሷ ትታዋለች። እሷ የተወችውን እኔ አላነሳም። ይሄ ግን በእሷ ላይ ተጽፏል፤ ሰው ሁሉ አንብቦታል። ተቀበልና እሷ ትረፍ።»

እምቢ ብል ዕዳው በእሷ ላይ ሊቀር ነው። እጄን ዘረጋሁና ተቀበልኩ። እንደዚያ ቀን ተከፍሎኝ አያውቅም፤ ሳንቲም አልጎደለም።

«በል አሁን አጥፋልኝ» አሉኝ።

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩት። አጠገቤ ተጠግተው ተቀመጡና አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰገግ አደረጉ። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፤ እሷ በነጭ ነጠላዋ ቀረች።

አዛውንቱ ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ጣቴን አዩ።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ይኸው ነው።»