ጋሽ ነስሩ፣ የመርከቧ ጆሮ እና ያ የተፈረመ ወረቀት

ዛሬ ጠዋት ተደውሎልኝ «ጋሽ ነስሩ ወደ አኼራ ሄዱ» ሲሉኝ «የቱ ነስሩ?» አልኩ። ጅማ ውስጥ ሌላ ጋሽ ነስሩ ያለ ይመስል። ሐሙስ ዕለት እኮ ሄርማታ ሰፈር ካለው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው የሰው ሬዲዮ ሲፈቱ ነበር።

ከለቅሶ ቤት መመለሴ ነው። ማልቀስ አልቻልኩም። የያዘኝ ንዴት ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በፓምፕና በወፍጮ ጥገና ነው። በደርግ ጊዜ ግን ምጽዋ ወደብ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሥራቸው መርከብ ሆድ ላይ፣ ከውሃው በታች፣ ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ መግጠም ነው። እሳቸው «ጆሮ» ይሉታል። የመርከቧን ሆድ ይበሱና ጆሮውን ያስገባሉ፣ ዙሪያውን በጎማና በማጣበቂያ ይደፍናሉ። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ባሕር ላይ ከወጣች በዚያው ቀዳዳ ውሃ ይገባል።

አብሯቸው የሚሠራ ተክሌ የሚባል የአጋሮ ሰው ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት።

አንድ ጊዜ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የወርክሾፑ ኃላፊ መርከቧ ነገውኑ ትውጣ አለ። ጋሽ ነስሩ «ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል» አሉት። «አብዮቱ ሦስት ቀን የለውም» አላቸው።

መርከቧ ወጣች። ጆሮው ከነጎማው ወለቀ። ተክሌ ታችኛው ክፍል ውስጥ ነበር። ውሃው እንዳይስፋፋ ከላይ በሩን ሲዘጉት እሱ ከውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ኃላፊው ሪፖርት ጻፈ፤ ሟቹና ጓደኛው አሻጥር ሠርተዋል ብሎ። ጋሽ ነስሩ ሁለት ዓመት ታሰሩ። የተክሌ እናት አጋሮ ውስጥ የጸረ አብዮተኛ እናት ተባሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ ለቅሶ የደረሳቸው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

እኔ ከጎጃም ለትምህርት መጥቼ ጅማ የቀረሁ ነኝ። ያን ጊዜ፣ እሳቸው ተፈተው ጅማ ጥገና በጀመሩበት ዘመን፣ ሰቃ መንገድ ላይ እሸት ቡና በሚታጠብበት የመንግሥት ጣቢያ መዝጋቢ ነበርኩ። ለቀማው በደመቀበት ሰሞን የውሃው ፓምፕ መሳብ አቆመ። ቀዩ ቡና ተከምሯል፤ ካደረ ይበላሻል። በማግስቱ ደግሞ የበላይ አካል ለጉብኝት ይመጣል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «ጅማ ሄደሽ ጎበዝ መካኒክ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ጋሽ ነስሩን ይዤ መጣሁ።

መኪና ውስጥ ብልሽቱን ላስረዳቸው ስል «እጋ፣ እንግዲህ ተይው የጎጃሟ፣ መጀመሪያ ልስማው» አሉኝ። ለማንኛውም ማሽን የሚሉት ይህንኑ ነበር። ደርሰን ሞተሩን አስነሡና ካቻቢቴያቸውን ፓምፑ ላይ ደግነው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ቀና ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ቆሟል።

አንዱ ሌላውን ወዲያው ለየው። የምጽዋው ኃላፊ ነበር።

ጋሽ ነስሩ አልጮሁም። «ብልሽቱን አግኝቼዋለሁ» አሉት። «ከመንካቴ በፊት ግን ተክሌን ማን እንደገደለው ለዚህ ሰው ሁሉ ንገር።»

«አሻጥረኛ ብዬ አስይዝሃለሁ።»

«አስይዘኸኝ ታውቃለህ። ፓምፑን ግን ማን ይሠራልሃል?»

ሰውየው ክምሩን አየ። «ቢሮ ገብተን እንነጋገር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዋላሂ አልገባም። እዚሁ።»

ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ከበቡን። አንድ ሽማግሌ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ነስሩ ሁሉንም በኦሮምኛ ነገሯቸው።  ማንም ከቦታው አልተነሳም።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተናገረ። «ማጣበቂያው አልደረቀም ነበር። ትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አሻጥር አልነበረም።»

ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ ዞረው «ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩ። ሰውየው ፈረመ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ደስ እያለኝ ነው የመታሁት።

ፓምፑ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም።

በማግስቱ ወረቀቱን አጋሮ ወስደው ለተክሌ እናት አነበቡላቸው። «ድገምልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ አስነበቧቸው። ከዚያ እናትየዋ ወረቀቱን ይዘው ደጅ ወጡና ለጎረቤቶቻቸው «አሁን ለቅሶ ድረሱኝ» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ነስሩ በሥራ ማሰናከል ተብለው እንደገና ታሰሩ። አራት ወር። እኔም ተባረርኩ። ሲፈቱ «ጸጸተዎት?» ብላቸው «ያነሰ ነው ያደረግሁት» አሉኝ።

ሰውየው አሁንም አለ። ባለፈው ወር አንድ ሠርግ ላይ የክብር ወንበር ተሰጥቶት፣ ነጭ ለብሶ ሲመርቅ አየሁት። ጋሽ ነስሩ «በሕይወት እያለሁ እንዳትጽፊው» ስላሉኝ ዝም ብዬ ነበር። ያ ቃል ዛሬ ጠዋት አበቃ።

ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ግን እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ። አባታችሁ ስለ ወደብ ሥራው ማውራት ይወዳል። ተክሌ ማን እንደነበር ጠይቁት። አላውቅም ካለ ወደ እኔ ኑ፤ ያን ቀን ሁለት ቅጂ ነው የጻፍኩት። ፊርማውን ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ነስሩ፣ ዛሬ ለቅሶ ቤት «ሁሉን ይቅር ብለው ነው የሄዱት» ሲሉ ሰማሁ። ይቅር እንዳላሉ እናውቃለን፤ እኔና እርስዎ። እኔም በእርስዎ ስም አልልም። አላህ ይዘንልዎ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። ደክመዋል፣ ይረፉ።

ሰውየውን ለእኔ ይተዉት።